እመት ቡሆን የተጫወተችው ሴት

ሙሪየል ታተርሶል ሃያ ገና ሙሉ ወንድ ልጅ ሆና አሳልፋለች። በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየር አውራጃ ባለችው በሶልተርስቢ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ገና በመጣ ቁጥር ባሕሩ ዳር ያለው ፓቪሊየን ቴአትር ፓንቶ የሚባለውን የገና የቀልድ ተውኔት ይከፍታል፤ በፓንቶ ደግሞ ጀግናው ጎረምሳ ሴት ናት፣ የጎረምሳው እናት ወንድ ነው፣ ላሟ አንድ ቆዳ ውስጥ የገቡ ሁለት ሰዎች ናት። ክፉው ከግራ ይገባል፣ ደጉ ከቀኝ። ይህን የማያውቅ የሶልተርስቢ ልጅ ቢኖር ገና ጥርስ ያላወጣው ብቻ ነው።

በቀሩት ወራት ሙሪየል ለከተማው ልጆች ፒያኖ ታስተምር ነበር፤ ባርኔጣዋን አስተካክላ የምትሄድ፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት። ታኅሣሥ ሲገባ ግን እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ቦት ጫማ ታጠልቅና መድረኩ መሐል እግሯን ከፍታ ቆማ፣ ጭኗን በመዳፏ ጧ! ታደርገዋለች። ያን ጊዜ ከታች እስከ ሰገነቱ ያለው ሕዝብ በጩኸት ይቀልጣል።

የመድረክ እናቷ ሴፕ ኦርምሮድ ነበር። ሴፕ በዕድሜ የሚበልጣት፣ ሆዱ የወጣ፣ አፍንጫው ድንች የሚያህል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። በበጋ ለባሕር ዳር እንግዶች የሸራ ወንበር ይዘረጋል። በገና ግን እመት ቡሆ ነው፤ ባሏ የሞተባት ዳቦ ጋጋሪ፣ ጡቷ ሁለት ትራስ፣ ቀሚሷ ድንኳን፣ ከንፈሯ እንደ መንገድ ዳር ፖስታ ሣጥን የቀላ። ታሪኩ በየዓመቱ ጥቂት ይቀያየራል እንጂ አጥንቱ አንድ ነው። የውርጭ ንጉሥ የከተማውን እሳት ሁሉ ይሰርቃል፣ የእመት ቡሆ ምድጃ ይጠፋል፣ ልጇም ላሟን እየጎተተ እሳቱን ሊያስመልስ ይሄዳል፤ ደጓ የእሳት አድባር በበትሯ ትረዳዋለች።

ሁለቱ ከመድረክ ወርደውም ቢሆን ከእናትና ልጅነታቸው አይወጡም። ሻይ ቤት ሲቀመጡ እንኳ ሴፕ ሙሪየልን «አንተ» ይላታል፣ እሷም «አንቺ» ትለዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ሻይህን ጠጣ እንጂ፣ በረዶ ሆነ እኮ።»

«አንቺ ራስሽ ጠጪ። ደግሞ ጢምሽን ሳትላጪ ነው የወጣሽው? ምን ዓይነት እናት ነሽ?»

«አባትህ እንዲህ ስሆን ነበር የሚወደኝ፣ ነፍሱን ይማረው።»

ሴፕ ሙያውን የወረሰው ከአያቱ ነው። አያቱ ፊቱን በነጭ ቀለም ለቅልቆ፣ ጉንጩ ላይ ቀይ ቀለም አኑሮ፣ የሰረቀውን ቋሊማ በአንገቱ ጠምጥሞ ከፖሊስ የሚሮጥ ቀልደኛ ነበር። ሴፕ መስታወቱ ፊት እየተኳለ ይህን ሲያወራ ሙሪየል ስንቴ እንደ ሰማችው ረስታዋለች።

«ድሮ መድረክ ላይ ትልቁን ተውኔት በቃል መናገር የሚችሉት ፈቃድ ያላቸው ቴአትር ቤቶች ብቻ ነበሩ» ይላታል። «የኛ ብጤው ድሃ አፉን ተለጎመ። ታዲያ ዝም አልን? በእግራችን ተናገርን፣ በመቀመጫችን ተናገርን! ከጣልያን አገር የመጡ ባለ ጭምብሎች ነበሩ። ባለ ብዙ ቀለም ጥብቆ ጎረምሳ፣ እሱ የሚወዳት ቆንጆ፣ ስስታም አባቷ። ጎረምሳው ሁለት ስስ ጣውላ የተጋጠመበት ዱላ አለው፤ ሰው ሲመታበት አያምም፣ ጧ! ይላል እንጂ። ግድግዳ ሲነካበት ግድግዳው ጫካ ይሆናል። የአንተ ቅድመ አያት ያ ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ጭንህን ስትመታ እንደ ባለ ዘር ምታ!»

ታዲያ ሬዲዮው ሁሉ በጊታር የተሞላበት ዓመት መጣ። በመስከረም የፓቪሊየኑ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ኤንትዊስል ሙሪየልን ቢሮው ጠርቶ ብስኩት አቀረበላት። እሱ ብስኩት ካቀረበ ነገር እንዳለ የማያውቅ የለም።

«ሚስ ታተርሶል፣ ሪኪ ብሌዝን ያውቁታል?»

«ሬዲዮ ላይ የሚያለቅሰው ልጅ ነው?»

«ይዘፍናል» አለ ሚስተር ኤንትዊስል። «ዘንድሮ የእመት ቡሆን ልጅ የሚጫወተው እሱ ነው። ምን ላድርግ፣ ልጃገረዶቹ የሚፈልጉት እውነተኛ ጎረምሳ ነው። ለእርስዎ የእሳት አድባሯን አስቤልዎታለሁ።» ብስኩቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገና፣ «ክንፍ አላት» ብሎ ጨመረ።

ሙሪየል ብስኩቱን ሳትነካ ወጥታ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። ሴፕ የዓመቱን የመጨረሻ ወንበሮች እያጠፈ ነበር። ነገረችው። ሴፕ አንገቱን ነቀነቀ።

«ዘመን ነዋ፣ ልጄ። ዘመንን በጥፊ አትመታውም።»

ይህን ብቻ ነው ያላት። ሙሪየል ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር። ምን እንደ ሆነ ለራሷም አልተናገረችውም፤ ብቻ ወንበሩን ወርውሮ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ኤንትዊስል ቢሮ ሲንደረደር ብታየው ደስ ይላት ነበር። ሴፕ ግን የያዘውን ወንበር አስቀመጠና ሌላ አነሣ።

በገና ማግስት መጋረጃው ተከፈተ። ሪኪ ብሌዝ እናቱ ያወጣችለት ስም ኖርማን የሆነ፣ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። ሲዘፍን ልጃገረዶቹ ራሳቸውን ይስታሉ፤ መዝፈኑን ሲያቆም ግን እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ሙሪየል ክንፏን አስራ ከቀኝ ትገባለች፣ ጥቂት ስንኝ ትላለች፣ በትሯን ታወዛውዛለች፣ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ጨለማው ውስጥ ቆማ ማየት ነው። ሴፕ እጁን ዘርግቶ «ልጄ!» እያለ ሌላ ሰው ሲያቅፍ ክንፏ ይከብዳት ነበር። ከሴፕ ጋር ሻይ መጠጣቷን አልተወችም፤ ወሬው ግን ጨው አጣ።

አዲሱ ዓመት እንደ ገባ ከባድ ውርጭ ወረደ። ሴፕ በሁለቱ ትርኢቶች መካከል ልብሱን ሳይቀይር ከማዶ ካለው ሱቅ የሥጋ ፓይ የመግዛት ልማድ ነበረው፤ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉሩን እንዳጠለቀ ነው የሚሄደው፤ ባለ ሱቁም «ምን ላድርግልዎ፣ እመቤቴ?» ይለዋል። ያን ቀን ፓዩን ይዞ ሲመለስ የጓሮ በሩ ደረጃ ላይ አዳለጠውና የጭን አጥንቱ ተሰበረ። ሆስፒታል ሲደርስ ተረኛዋ ነርስ «ወይዘሮ» ብላ መዘገበችው፤ ሐኪሙ ቀሚሱን እስኪገልጥ ድረስ የጠረጠረ አልነበረም።

ያን ቀን ሁለተኛው ትርኢት ተሰረዘ። ሚስተር ኤንትዊስል ስልኩ ላይ ተጥዶ ዋለ። በገና ሰሞን ግን በላንክሻየር ምድር እመት የሚጫወት ሥራ ፈት ወንድ ከየት ይመጣል? ሁሉም በየከተማው ቀሚሱን ለብሷል። ሙሪየል ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«እኔ እጫወታታለሁ።»

«ማንን?»

«እመት ቡሆን። ቃሉን ከነትንፋሹ አውቀዋለሁ። አድባሯን ከጨፋሪዎቹ አንዷ፣ ያቺ ኦድሪ ትተካኛለች።»

ሚስተር ኤንትዊስል ጆሮው ነውር እንደ ሰማ ሁሉ ቀላ። «እመት ቡሆን ሴት ትጫወታት? ሚስ ታተርሶል፣ ይሄ እኮ የቤተሰብ ቴአትር ነው!»

ሌላ ሰው ስላልነበረ ግን ተስማማ።

ሙሪየል ወይን ፍሬ ገዝታ ሴፕን ልትጠይቅ ሄደች። እግሩ በገመድና በሚዛን ድንጋይ ወደ ላይ ተንጠልጥሏል። የከንፈሩ ቀለም አሁንም በደንብ አልለቀቀም። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«አይሆንም» አለ። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ሙሪየል።»

አንቺ! በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ብሏት የማያውቀውን። ሙሪየል ወይን ፍሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይማርዎ፣ ሚስተር ኦርምሮድ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሴፕን ቀሚስ አጥብባ፣ ተኳኩላ፣ እመት ቡሆ ሆና ገባች። አንድ ቃል አልሳተችም። ሴፕ የሚዞርበት ቦታ ዞረች፣ እሱ ዓይኑን የሚጠቅስበት ቦታ ጠቀሰች። ሕዝቡ በትሕትና ተመለከታት። ሳቅ ግን የለም። ከፊት ተርታ አንዲት ሕፃን እናቷን «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ስትል ተሰማች። የባሰው ገና ይመጣ ነበር። በጨዋታው መሐል ላሟ በርግጋ ባልዲ ሙሉ ቡሆ እመት ቡሆ ራስ ላይ ትገለብጣለች፤ በሴፕ ጊዜ ሕዝቡ ወንበሩን ይዞ የሚንፈራፈረው እዚያ ላይ ነው። ቡሆው ሙሪየል ላይ ሲፈስ ግን አዳራሹ በሙሉ «ውይ!» አለ። የኋለኛው ወንበር ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት መሐረብ አውጥተው ለመነሣት ቃጡ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች እሷ ታውቃለች። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ የምትሄድበት ሌላ ቦታ አልነበራትም፤ ቂሟንም ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

ሴፕ ሰምቶ ነበር፤ የአንዷ ነርስ ልጆች አይተዋታል። ሙሪየልን እንዳየ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፣ አልቻለም፣ ሳቀ፣ እግሩ ተነቃነቀና በሥቃይ ጮኸ፣ እየጮኸም ሳቀ።

«መሐረብ? እውነት መሐረብ አወጡ?»

«ይሳቁ፣ ይሳቁ» አለች ሙሪየል፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ቦታዬን ሲወስዱብኝ ዘመን ነው አሉኝ። አሁን የእርስዎን ቦታ ስነካ ግን ዘመን መሆኑ ቀረና እኔ ሴት ሆንኩ።»

ሴፕ ሳቁን አቆመ። ክፍሉ የወንዶች ክፍል ነበር፤ በየአልጋው እግር ተሰቅሏል፣ ክንድ ታሽጓል፣ ሁሉም ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ጆሮውን አቁሟል።

«ፈርቼ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንበር መዘርጋት ብቻ ይቀረኛል ብዬ ፈራሁ። ያኔ አፌን የዘጋሁትም፣ አሁን የከለከልኩትም ለዚህ ነው።»

ሙሪየል ከወይን ፍሬው አንዱን ቆርጣ ሰጠችው። እየበላ አየት አደረጋትና፣

«ቀሚሱን ለምን አጠበብከው?» አላት።

አጠበብከው። ሙሪየል ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። «እንዲያምርብኝ ብዬ ነዋ።»

«አየህ! እኔ ላይ ያምር ነበር? ስማ፣ ልጄ። እመት ቡሆ ሴት አይደለችም። ሴት መሆን እፈልጋለሁ ብሎ ያቃተው ወንድ ነው። ሴት ላይ ቡሆ ሲፈስ ያሳዝናል፤ ቀሚስ የለበሰ አሮጌ ጎረምሳ ላይ ሲፈስ ግን እሰይ ይባላል። አንተ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ነበርክ?»

«ጎረምሳ።»

«በዚህ አገር ከአንተ የተሻለ ጎረምሳ አለ? በል ያንን ጎረምሳህን አስረጀው፣ አወፍረው፣ የእናቱን ቀሚስ አልብሰው። ቦት ጫማዬን ውሰድ፤ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። ተነሥና ተራመድ እስቲ።»

ሙሪየል ካፖርቷ ሥር ትራስ ከትታ በአልጋዎቹ መካከል ተራመደች።

«አትንሳፈፍ! ወደብ ላይ ጆንያ የተሸከምክ ይመስል!» አለ ሴፕ።

«ክንድህን ወደ ውጭ!» አለ ክንዱ የታሸገ ዓሣ አጥማጅ፣ ጋዜጣውን ጥሎ።

«ሲናደድ ድምፁ ይወፍራል፤ ከዚያ ያስታውስና ያቀጥነዋል» አለ ሴፕ። «ሞክረው።»

ሙሪየል ሞከረችው። ከሆዷ የወጣው ድምፅ የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው። በሽተኞቹ አጨበጨቡ። በዚህ መሐል የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ድምፁን ሰምታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከሙሪየል ጀርባ ቆመች። ዓሣ አጥማጁ ቀድሞ አያት።

«ከኋላሽ!» ብሎ ጮኸ።

ፓንቶ ላይ ክፉው ከጀርባ ሲመጣ ሕዝቡ የሚጮኸው ይህን ነውና፣ በዚያ አገር ይህን ቃል ሰምቶ ዝም የሚል የለም። ክፍሉ በሙሉ፣ እግሩ የተሰቀለውም አንገቱ የታሰረውም፣ «ከኋላሽ ነው!» አለ። ሙሪየልም እንደ ደንቡ በቀስታ ወደ ተሳሳተው ጎን ዞረች። ሲስተር ፊቷን ለማየት አብራ ዞረች። «የታለ? ማንም የለም!» አለች ሙሪየል በዚያ ወፍራም ድምፅ። «አለ!» አለ ክፍሉ። «የለም!» «አለ!» እንዲህ ሁለት ጊዜ ከተሽከረከሩ በኋላ ሙሪየልና ሲስተር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠሙ።

«ሚስተር ኦርምሮድ፣ ይሄ ሆስፒታል ነው ወይስ ሰርከስ?»

«ይቅርታ፣ ሲስተር» አለ ሴፕ። «ልጄ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው።»

ሲስተር ባርኔጣ ያጠለቀችውን፣ ትራስ ያረገዘችውን ሙሪየልን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ ሳቋን ለመደበቅ ፈጥና ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፓቪሊየኑ ግማሽ ባዶ ነበር፤ የትናንቱ ወሬ ተሰምቷል። ሙሪየል በሴፕ ቦት ጫማ ደረጃውን ገጭ ገጭ እያደረገች ወረደች፤ መጨረሻው ደረጃ ላይ የቀሚሷን ጫፍ ረገጠችና ተንገዳገደች። «የማን የተረገመ ቀሚስ ነው!» ብላ ጎረነነች። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ሽፋሽፍቷን እያርገበገበችም እንደ ወፍ ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ ሆዶቼ?» አለች።

ከሰገነቱ አንድ ሕፃን፣ «ወንድ ነው!» አለ።

«አይደለሁም!» አለች ሙሪየል።

«ነህ!» አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ።

«አይደለሁም!»

«ነህ!»

ሙሪየል ደረቷን ይዛ ቆመች። ሴፕ ይህን ክርክር ስንት ዓመት ሲከራከር ዋሽቶ ነው። ዛሬ ግን እመት ቡሆ እውነቷን ነው፤ አዳራሹ ውስጥ አንድ የሚያምናት ጠፋ! ይህን ስታስብ ሳቋ መጣ፤ ሳቋን ስትታገል ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሕዝቡም ትከሻዋን አይቶ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ምን አድርጋ እንዳሳቀቻቸው ሁሉንም አታስታውስም። ቡሆው ሲፈስባት ግን «ውይ» ያለ አልነበረም። የፊተኛው ተርታ ጮቤ ረገጠ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሪኪ ቃሉ ጠፋው። ለጉዞ የሚነሣበት፣ እናቱን የሚሰናበትበት ቦታ ነው። ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁ እንደ ወትሮው ማረፊያ አጣ። ሙሪየል ያንን ስንብት ሃያ ዓመት ተናግራዋለች፤ ዝም ብትለው ልጁ እዚያው ይሰጥም ነበር። አየችው። ሲያለቅስ የሚመስል ድምፅ ይኑረው እንጂ የሚንቀጠቀጥ የሰው ልጅ ነው።

ሰፊ ክንዷን ዘርግታ፣ «ልጄ!» አለችና ትራሶቹ መሐል ቀበረችው። ጆሮው ላይ፣ «ጭንህን ምታ፤ ቀሪው ይመጣል» አለችው።

ሪኪ ቀና አለ፣ እግሩን ከፈተ፣ ጭኑን ጧ! አደረገው። ቃሉም መጣ።

ትርኢቱ ሲያልቅ በሯን አንኳኩቶ ገባ። «ሚስ ታተርሶል፣ ያንን... አመታቱን ያስተምሩኛል? የኔ ድምፁ ጎደሎ ነው።»

«መዳፍህን ጎድጓዳ አድርገው» አለችው። «ቁጭ በል፣ ሻይ አለ።»

በየካቲት መጀመሪያ፣ በመጨረሻው ትርኢት ቀን፣ ሴፕ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ መጣ። ያለ ቀሚስ ማንም አላወቀውም። ልጆች መሐል ተቀምጦ በውርጭ ንጉሡ ላይ እስኪጎረንን ጮኸ፤ «ነህ!» ሲባል «ነህ!» አለ፤ ከመድረኩ የተወረወረለትን ከረሜላ ከጎኑ ካለች ሕፃን ጋር ተሻማ። መጋረጃው ሲዘጋ ሙሪየል ቡሆው ከፀጉሯ ሳይለቅ መጣች። ሴፕ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች መረመረ።

«ምን ትያለሽ፣ እናቴ?» አለችው። «ተናገሪ እንጂ።»

«ደረጃው ላይ ቀሚሱን ዘግይተህ ረገጥከው» አላት። «ሁለት ደረጃ ሲቀርህ ቢሆን ይሻላል።» ከዚያ እጇን ያዘና ቡሆውም ሁሉም እንዳለ ጉንጩ ላይ አደረገው።

ሪኪ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ከተማ ተፈለገና ሄደ። የጎረምሳውን ቦት ጫማ አድባሯን የተካችው ኦድሪ አጠለቀችው፤ በጋውን ሙሉ ፒያኖው አጠገብ ጭኗን ስትመታ የሙሪየል ጎረቤቶች ግድግዳ ይደበድቡ ነበር። ሚስተር ኤንትዊስል ደግሞ በመስከረም ሴፕንና ሙሪየልን አብረው ጠርቶ ብስኩት አቀረበ። ሁለቱም ተያዩ።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁን መምረጥ አልቻልኩም» አለ። «ሕዝቡ ሁለቱንም ነው የሚጠይቀው። እመት ቡሆ እኅት ቢኖራትስ?»

እንዲህ ሆነና እመት እርሾ ተወለደች። ማን እመት ቡሆ ማን እመት እርሾ እንደሚሆን ሁለቱ ሻይ ቤት ውስጥ ሦስት ማንቆርቆሪያ ሻይ እስኪያልቅ ተጣሉ።

«እኔ ታናሽየዋ ነኝ» አለ ሴፕ።

«አንቺ? የመርከብ ዝገት የመሰልሽ!»

«ቆንጆዋም እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም።»

«ነኝ!»

አስተናጋጇ ሳህን ስታነሣ ሳትጠየቅ፣ «አይደለሽም» አለች፤ በየጠረጴዛው ያለውም ሰው ተቀበላት።